አርፋለች ያልሁሽ ቀን

ወረታ፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ውድ እኅቴ ገላነሽ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ አጎታችን አያ መንግሥቴና አባ ተክለ ማርያም ጎንደር መጥተው፣ ጎረቤትሽን ሰብስበው፣ የእምዬን መርዶ ነግረውሽ፣ አንቺም ሦስት ቀን አልቅሰሻል። ከሦስቱ ቀን በፊት እንዳይሰጡሽ አደራ ብያቸዋለሁ። እንግዲህ አሁን ታውቂያለሽ። እናታችን የሞተችው መስከረም ሃያ ስድስት ቀን ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ጥር አሥራ አምስት ቀን፣ ቤትሽ መጥቼ ጠላሽን ጠጥቼ፣ ልጅሽን አቅፌ፣ ዐይን ዐይንሽን እያየሁ በሕይወት እንዳለች አስመስዬ ተመልሻለሁ። እንዴት እንደሆነ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሴ እንድትሰሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ገበያው ዳር ተቀምጬ ለሰው ደብዳቤ እጽፋለሁ። ከሰላምታው ቀጥሎ «ከናፍቆት በቀር ደህና ነን» የምትለውን መስመር ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኋት እግዚአብሔር ይወቀው። ዛሬ ለራሴ ልጽፋት ስል እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁማ። መርዶ በደብዳቤ ጻፍልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሲገጥመኝ ደግሞ ብዕሬን አስቀምጬ፣ «ሰው ይዘህ ሂድና በአፍህ ንገር፤ ወረቀት ለቀስተኛ አይደግፍም» እያልሁ እመልስ ነበር። ለሌላው ሲሆን ይህን ያህል አዋቂ ነኝ።

አንቺ ይህን ደብዳቤ ባልሽ ያየህ ያንብብልሽ አልልሽም። እኔ የኔታ ዘንድ ስቀጠቀጥ አንቺ ከአጥሩ ውጭ ጭራሮ ትለቅሚ መስለሽ ፊደሉን ሰርቀሽ ከእኔ ቀድመሽ ለይተሽዋል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የአባታችን ነገር ትዝ ይልሻል? እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ አንቺ አሥራ አንድ። እሱ ሐሙሲት ላይ ሞቶ፣ እዚያው ተቀብሮ፣ ለእኔ ግን «ጎጃም ወርዷል፣ ሲመለስ ማር ያመጣልሃል» ይሉኝ ነበር። እምዬ ከል ለብሳ ሳያት «ለአክስቴ ነው» አለችኝ። አመንኋት። በየቀኑ መንገድ ዳር ወጥቼ ማሬን እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን እጄን ይዘሽ ከጭድ ክምሩ ኋላ ወሰድሽኝ፤ «አባታችን ሞቷል። ሁሉም ያውቃል፣ አንተ ብቻ ነህ የማታውቅ። ብቻህን ሞኝ እንዳትሆን ነው የነገርሁህ» አልሽኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። ጭዱ አንገታችን ውስጥ ገብቶ እየበላን። ስንጨርስ እንባዬን በቀሚስሽ ጠርገሽ፣ «እንግዲህ እኔና አንተ ሞት አንደባበቅም። ማርያምን በል» አልሽኝ። «ማርያምን» አልሁ። አንቺም አልሽ።

ያን መሐላ በሠላሳ አምስት ዓመቴ አፈረስሁት። ለዚህ ነው «ይቅር በይኝ» የምትለውን ቃል እዚህ ላይ ለመጻፍ ድፍረት ያጣሁት። አስቀድሜ ሁሉንም ልንገርሽ።

እምዬን የገደላት ንዳድ ነው። ስድስት ቀን ተኛች። በአምስተኛው ቀን አእምሮዋ ተመልሶ፣ «ለገላነሽ አሁን እንዳትነግሯት። እርጉዝ ናት፣ ትጎዳለች። ትገላገል፣ ልጁም ክርስትና ይነሣ። ከዚያ ግን ቶሎ ንገሯት፤ የእኔ ልጅ መሸዋወድ አትወድም» አለች። በማግሥቱ ሞተች። ርብ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሆኖ ነበርና ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰድናት በታንኳ ነው። አባ ተክለ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ እሷ በነጭ ተገንዛ ታንኳው ላይ፣ እኛ ውሃው እስከ ጭናችን እየደረሰ ግራና ቀኝ ገፋናት። ውሃ ስትፈራ እንዴት እንደነበረች ታውቂያለሽ። ርብን ስንሻገር ዐይኗን ጨፍና የእኔን ትከሻ ትጨብጥ ነበር። ያን ቀን ትከሻዬን የሚጨብጠኝ አልነበረም።

ልጅሽ በኅዳር ክርስትና ሲነሣ ወሬው ደረሰን። ሽማግሌዎቹ እህሉ ገብቶ፣ ጥምቀትም አልፎ፣ ጥር ሃያ ዘጠኝ ቀን ሄደው ሊነግሩሽ ቀጠሩ። በዚህ መካከል ነው አይሮፕላኗ የመጣች።

ሙሴ ኤሚልዮ የሚባል ጣልያን ነው፤ አሥመራ የሚኖር። ሚስቱን ይዞ፣ የራሱ በሆነች አራት ሰው በምትይዝ አይሮፕላን፣ ጥር አሥራ ሦስት ቀን ከግጦሹ ሜዳ ላይ አረፈ። ከብቱ ጭራውን ሰቅሎ ወደ ይፋግ ነጎደ፤ እስከ ማግሥቱ ያልተገኘ አለ። ሰዉ ግን አልሸሸም፣ ከበባት። አያ መንግሥቴ ቀርበው ዞሯት። እንደሚገዙት በሬ ጎኗን መታ መታ አድርገው፣ «ምን ትበላለች?» አሉኝ።

«ቤንዚን ነው የምትበላው፣ አያ።»

«አልተቀለበችም። ኋላዋ ቀጭን ነው» አሉ።

ሙሴ ኤሚልዮ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ወደ እኔ ጠቆሙት። ከጣልያን መንገድ ሠሪዎች ሰፈር በልጅነቴ የለቀምሁት ቋንቋ፣ ስድቡ ይበዛል እንጂ፣ ያግባባል። ሚስቱ፣ ሲኞራዋ፣ የጎንደርን ግንብና የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕል ማየት ትፈልጋለች፤ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ግዕዝ የሚያነብላት ያሻታል። ከነገ ወዲያ ጠዋት ሄደን ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን አለኝ። ጎንደር! ጠዋት ሄዶ ለማታ ወረታ!

እኅቴ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት አንቺን አይደለም። መብረሬን ነው ያሰብሁት። አንቺ የመጣሽብኝ ቆይተሽ ነው፤ እንደመጣሽብኝም ምክንያት አደረግሁሽ። ወደ አያ መንግሥቴ ሮጬ፣ «ለገላነሽ እኔ ልንገራት» አልኋቸው።

«ብቻህን?»

«ብቻዬን። እኔ ስነግራት ይሻላታል።»

«ስንት ሰዓት ትቆያለህ?»

«ሁለት ሦስት ሰዓት።»

ምርኩዛቸውን ተደግፈው አዩኝ። «አዛናው፣ መርዶ ነግሮ በሁለት ሰዓት ሲነሣ ያየሁት ሰው የለም። እንደዚያ የሚሮጥ የሰው ቤት ያቃጠለ ነው» አሉኝ።

«እንግዲያውስ እዚያው ቀርቼ አስተዛዝኜያት፣ በአውቶቡስ እመለሳለሁ» አልሁ። ይህን ስል ከልቤ ነበር። እሳቸውም አመኑኝና ኮታቸውን አዋሱኝ። ከሌን ያወለቅሁት በክፋት እንዳይመስልሽ። ከሩቅ አይተሽው፣ ሰው ሳይሰበሰብልሽ፣ ብቻሽን እንዳትጮሂ ብዬ ነው። ሐሳቤ አስቀድሜ የንስሐ አባትሽን አባ ገብረማርያምን ላገኝ፣ እሳቸው ጎረቤቱን እንዲጠሩ፣ በሥርዓቱ እንድነግርሽ ነበር። ሁሉንም በደንብ አስቤው ነበር።

አይሮፕላኗ ስትነሣ ሆዴ መሬት ላይ የቀረ መሰለኝ። ሙሴ ኤሚልዮ ለሰላምታ ነው መሰለኝ በቤተ ክርስቲያኑ ላይ አዞራት። ጽዶቹን፣ በመካከላቸው ክቡን ጣራ፣ ከምሥራቅ በኩልም የእምዬን አዲስ አፈር አየሁ። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልሁም፣ አለፍነው። ቀጥሎ ሜዳው ሁሉ ተዘረጋ፤ ሽምብራውና ጓያው አረንጓዴ፣ የታጨደው ቢጫ፣ ርብ እንደ ተጣለ ገመድ፣ በግራ በኩል ጣና ማለቂያ የለው። በቀኝ ጣራ ገዳም ከነደኑ መጣና ሄደ። ያን የእምዬን ስለት ለማድረስ ቀኑን ሙሉ የተጓዝነውን መንገድ፣ አንቺ እሾህ ወግቶሽ ያነከስሽበትን፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ ሳያልቅ ጨረስነው። ሳቅሁ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ሲኞራዋ ዞራ «ደስ አለህ?» አለችኝ። «ደስ አለኝ» አልኋት። እውነቴን ነበር። በዚያ ሰዓት እናት እንዳልነበረችኝና እንዳልሞተችብኝ ሁሉ ረስቻት ነበር። ከዋሸሁሽ ውሸት ይልቅ ይህ ሲያሳፍረኝ ይኖራል።

አዘዞ አርፈን በመኪና ጎንደር ገባን። ግንቡ ውስጥ ሲኞራዋ እያንዳንዱን ድንጋይ ፎቶግራፍ ካላነሣሁ አለች። እኔ ከውጭ አየሁት እንጂ ወደ ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ስለሆነ የማላውቀውን በጣልያንኛ አስረዳኋት። ከዚያ ሥላሴ ገባን። በጣራው ላይ ያሉትን መላእክት ታውቂያቸዋለሽ፤ ፊትና ክንፍ ብቻ፣ ዐይናቸው ሁሉ ተገልጦ። «ሁሉም ወደተለያየ ቦታ ነው የሚያዩ» አለችኝ። እኔ ግን ሁሉም እኔን የሚያዩ መሰለኝ።

ከሰባት ሰዓት በኋላ ሙሴ ኤሚልዮ፣ «ነፋስ ሳይነሣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንበርራለን። መኪናው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቀሐ ድልድይ ይጠብቅሃል፤ መቅረት ከፈለግህ ግን ቅር» ብሎ ለቀቀኝ። መንገዱ በአባ ገብረማርያም ደጅ ነበር። በራቸው ክፍት ነበር። እሳቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ አየኋቸው። አለፍኋቸው። «መጀመሪያ እኅቴን ልያት» አልሁ ለራሴ።

ልብስ ስታሰጪ ደረስሁ። ስታዪኝ እርጥቡ አንሶላ ከእጅሽ ወደቀ። ሰላም አላልሽኝም። «ማን ሞተ?» አልሽ።

«በአይሮፕላን ነው የመጣሁ» አልሁሽ።

ልብ ብለሽ ከሆነ የጠየቅሽኝን አልመለስሁም። አንቺ እግሬን አየሽ። አቧራ የለው፣ ስንቅ የለኝ፣ ዱላ የለኝ። ከወረታ የመጣ ሰው እንዲህ አይሆንም። «በምን?» አልሽ። «በአይሮፕላን። ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ።» ያን ጊዜ ሳቅሽ መጣ። ትከሻዬን በጡጫ መታሽኝ። «ያየህ! ያየህ፣ ውጣ! የእናቴ የካሳነሽ ልጅ በአይሮፕላን መጣ!» ብለሽ ጮኽሽ። ያየህ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ መጣ፤ ጎረቤቶችሽም መጡ። እይው፣ ሰዉ ተሰብስቦ ነበር። ልነግርሽ ካሰብሁት በላይ ሰው ተሰብስቦልሽ ነበር፤ የተሰበሰበው ግን ለሣቅ ነው።

ልጅሽን እቅፌ ውስጥ አደረግሽው። አፍንጫው የእምዬ ነው። እሱን እያየሁ ሳለሁ፣ «እምዬስ? እንዴት ናት?» አልሽኝ።

ቃሏን የመረጥኋት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ያሳሳትሁሽ ሳላስብ ነው ሊል ይችላል፤ አይደለም። ቃል መምረጥ ሥራዬ ነው። «አርፋለች» አልሁሽ። ለካህን፣ ለትልቅ ሰው ሞት የምትባለውን ቃል አልሁ። እውነቱን ነግሬሽ ሳልነግርሽ እንድቀር የምታደርገኝ ቃል እሷ ብቻ ነበረች።

«ተመስገን!» አልሽ። እጅሽን ወደ ላይ ዘረጋሽ። «እሰይ፣ እሰይ! ስንት ዓመት እረፊ ስላት እምቢ ያለችኝን አንተ አሳረፍህልኝ። አዛናው፣ ዕድሜ ይስጥህ!» ብለሽ ጉንጬን ሳምሽኝ።

«እንደሱ አይደለም» ማለት ነበር። ሁለት ቃል። አፌን ከፍቼ ነበር፤ የያየህ እናት ጠላውን አቀበሉኝና ጠጣሁት።

ከዚያ በኋላ ውሸቱ በራሱ ሄደ። ለፋሲካ ልጁን ይዘሽ መጥተሽ እንደምታሳያት ነገርሽኝ። «ጥሩ ነው» አልሁ። ጫማ ልትገዢላት እንዳሰብሽ ነገርሽኝ። ያየህ ከስፌቱ ላይ ነጭ ክር ቆርጦ ሰጠሽ፤ አንቺም መዳፌ ላይ አደረግሽው፤ «በዚህ ከአውራ ጣቷ እስከ ተረከዟ ለካና ጫፉን ቋጥረህ ላክልኝ። ለትንሣኤ በባዶ እግሯ እንዳታስቀድስ» አልሽኝ። ክሩን ኪሴ ከተትሁት። ያን ጊዜ ከድልድዩ የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ስነሣ ኮቱን ይዘሽ፣ «እደር እንጂ! ምነው፣ እሳት ልትጭር ነው የመጣኸው? ዘጠኝ ዓመት አይተኸኝ አታውቅ!» አልሽኝ። አያ መንግሥቴ ያሉት ነገር ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

መቅረት እችል ነበር። በማግሥቱ አውቶቡስ ነበረ። ለአያ መንግሥቴም ቃል ገብቼ ነበር። ፈረንጁም መቅረት ከፈለግህ ቅር ብሎኛል። ያልቀረሁት፣ ገላነሽ፣ ልቅሶሽን ስለፈራሁ ነው። እዚህ አራት ወር ብቻዬን አልቅሼ፣ ጎረቤቱም «ይበቃሃል» ብሎኝ፣ ገና ነፍሴ መለስ ስትል እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምረው ነው ብዬ ፈራሁ። የአንቺ ሣቅም ናፍቆኝ ነበር። እሱን በገዛ እጄ ላጠፋው አልቻልሁም። ከዚህ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ስንመለስ ሜዳውን አላየሁትም። ክሩን ጣቴ ላይ ስጠቀልልና ስፈታ ደረስን። አያ መንግሥቴ እዚያው ከብቱ መካከል ቆመው ነበር፤ ሊቀበሉኝ ሳይሆን የእኔን አለመምጣት ሊያረጋግጡ። ከአይሮፕላኗ ስወርድ አዩኝ።

«አልነገርኻትም» አሉ።

«አልነገርኋትም።»

«እንግዲህ በቀጠሮው ቀን እኛ እንሄዳለን። አንተ ትቀራለህ።»

«እኅቴ ናት፣ አያ።»

«አውቃለሁ። አንተን ካየች ግን በአንተ ተናዳ ነው የምታለቅስ። መጀመሪያ ለናቷ ታልቅስ። የአንተ ነገር ይደርሳል።»

ልክ ናቸው። ስለዚህ ነገ ጎሕ ሲቀድ እነሱ አውቶቡስ ይይዛሉ፣ እኔ እቀራለሁ። አንቺ ስትጮሂ የሚይዝሽ ወንድም አይኖርም። እኔም እዚህ፣ አሁን ነገሯት፣ አሁን ወደቀች እያልሁ ጥጃዋን ሳበላ እውላለሁ። ቤቱ ሰፍቶብኛል። እምዬ ስትኖር ስታጉረመርም የምናደድባት እኔ፣ አሁን የሚያጉረመርም ሰው አጥቼ ለጥጃዋ አወራለሁ።

የክሩን ነገር ልጨርስልሽ። እሳት ውስጥ ልጥለው ነበር፣ አልሆነልኝም። ሦስት ቀን በኪሴ ዞረ። ባለፈው ሳምንት ከቤቱ ጓሮ ያለውን የጎመን መደብ ልቆፍር ወጣሁ። መስከረም ላይ፣ ንዳዱ ሊጥላት ሲል፣ እምዬ እዚያ ጎመን ልትቀነጥስ በጭቃው ገብታ ነበር። «ውጪ፣ ብርዱ ይመታሻል» ብዬ የተቆጣኋት ትዝ ይለኛል። የእኛን ዋልካ አፈር ታውቂዋለሽ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። የጣራው ክፈፍ ከዝናብ ጋርዶት፣ ከግድግዳው ጥግ፣ የእግሯ ዱካ አለ። የቀኝ እግሯ። ትንሿ ጣቷ ወደ ውስጥ የታጠፈች፣ ተረከዟ የተሰነጠቀው እንኳ የሚታይ። አራት ወር ሙሉ በአጠገቡ አልፌያለሁ።

ተንበርክኬ በክርሽ ለካሁት። ከአውራ ጣቷ እስከ ተረከዟ፤ ጫፉንም ቋጠርሁት። እዚያው ተደፍቼ፣ ያን ቀን አንቺ ፊት ማልቀስ የነበረብኝን አለቀስሁ።

ክሩ በዚህ ወረቀት እጥፋት ውስጥ ነው። ልኩ የራሷ ነው። በዚህ አልዋሸሁሽም።

ዱካውን ጥጃዋ እንዳትረግጠው በእሾህ አጥሬዋለሁ። የሰኔን ዝናብ ግን ላጥረው አልችልም። ከዚያ በፊት ነይና እይው፤ ልጁንም አምጪው፣ እግሩን ከጎኑ ያቁም። እኔን ማየት ካልፈለግሽ ለአባ ተክለ ማርያም ላኪላቸው፤ ይፋግ ሄጄ እሰነብታለሁ። በሩ አይቆለፍም፣ ገብተሽ እናትሽን ትሰናበቻታለሽ። ልታናግሪኝ ከፈቀድሽ ደግሞ ከጭድ ክምሩ ኋላ ታገኚኛለሽ። ይቅር በይኝ የምትለውን ቃል የምልሽ እዚያ ነው፣ በአፌ። ከእንግዲህ በመካከላችን ሞት አልደብቅሽም።

ማርያምን።

ከሌን መልሼ የለበስሁት ወንድምሽ፣
አዛናው